ጸበል የጠጣው ባቡር

ሰቆጣ፣ ግንቦት 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? በስልክ ስታወራኝ ይዞህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ "ቀላል ነው" እያልክ ታስታምመዋለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ አንድ ቀን ይዟት አንድ ቀን ይለቃታል። ፍየሏ መንታ ወለደች። ንቦቹ ግን ዘንድሮ አኩርፈውናል፤ ዝናቡ ስለ ዘገየ አበባ የለም፤ ማር ላኪልኝ ያልከውን እስከ ጥቅምት እርሳው። አባባም ደህና ናቸው። ይህን የምልህ ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም። የእውነት ደህና ናቸው፤ ብዕር ያነሣሁትም እሱን ላወራህ ነው።

ባቡሩ ሄደ። አንተ የላክኸው ባቡር ነው የምልህ። ቅዳሜ በሚካኤል ዕለት፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እያየ፣ በቤታችን ወለል ላይ ዞረ። ነገር ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ እንዴት እንደ ሄደ ከመንገሬ በፊት ለምን ቆሞ እንደ ነበር ልንገርህ። ስትሰማው መሳቅህ አይቀርም። ስቀህ ስታበቃ ግን የማስምልህ ነገር አለ።

ባቡሩን ለምን እንደ ገዛኸው አንተም እኔም እናውቃለን። አባባ ጎልማሳነታቸውን ድሬዳዋ ምድር ባቡር ላይ ጨርሰው፣ በሶማሌ ጦርነት ሐዲዱ ሲቆረጥ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ለቅሶ ቤት ውስጥ አንዱ "ገብረ ኪዳን እኮ ባቡር ነጂ ነበር" ቢል፣ ጨው ነጋዴው ጋሽ እንግዳው ሳቅ ብለው፣ ፈረንሳይኛ ለማያውቅ የዋግ ሰው ማን ባቡር ይሰጠዋል፣ የሱ ባቡር ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው አሉ። ሰው ሳቀ። ለቅሶ ቤት መሆኑን እንኳ ረስቶ ሳቀ። አባባ ዘንጋቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ገበያ መውጣት ተዉ። የሚካኤልን ማኅበር ራሱ "አሞኛል" እያሉ ይቀሩ ጀመር። ምንም እንዳላመማቸው ታውቃለህ። ሰው ከእድሜ ልኩ ያተረፈው ስሙን ብቻ ሆኖ ሳለ እሱንም ሲነጥቁት ማየት በጣም ከባድ ነው፤ እኔ ጋሽ እንግዳውን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም የምላቸው ከአንገት በላይ ነበር።

ታዲያ አንተ አብሮህ በሚሠራው ፈረንጅ አማካይነት፣ በኢንተርኔት፣ ጀርመን አገር ካለ ሻጭ አንድ አሮጌ የባቡር ሞዴል ገዝቼ ልኬአለሁ ስትል፣ አባባ ገና ሳጥኑ ሳይከፈት ለማኅበሩ ሰዎች ላኩባቸው። የግንቦት ሚካኤል ተራዬ ነው፤ ባቡር ማለት ምን እንደሆነ መጥታችሁ እዩ አሉ። በዓመት ውስጥ ከአፋቸው የወጣ ረጅሙ ንግግር ይህ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ እየሩስ ሳጥኑን ከድሬዳዋ ይዛ ስትመጣ እኔ ሱቄ ውስጥ የሰው ሬዲዮ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። ቤት ስገባ ባቡሩ መደቡ ላይ፣ በእማዬ ነጭ ነጠላ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ወንድሜ፣ እኔ ስንት ሬዲዮና ስንት ቴፕ የፈታሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ዓይኔ አይቶ አያውቅም። ጥቁር፣ መንኮራኩሩ ቀይ፣ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ። በሩ አለ፤ መሰላሉ አለ፤ የጭስ መውጫው አለ፤ ነጂው አንገቱን የሚያወጣባት መስኮት እንኳ አልቀረችም። ቡሎኖቹ የጤፍ ፍሬ ያህላሉ። ይህን የሠራው የሰው እጅ ነው ወይ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። እማዬ በኩራት፣ ቄስ ወልደ ኢየሱስ መጥተው ባርከውታል አለችኝ። የንስሐ አባታችን ቤታችን አዲስ ነገር በገባ ቁጥር መባረካቸው የተለመደ ነውና ነገሬም አላልኩት።

ሐዲዱን ወለሉ ላይ ገጣጠምንና ከሱቅ ያመጣሁትን የሞተር ሳይክል ባትሪ አገናኘሁ። ምንም። ሽቦውን ቀያየርኩ። ምንም። አባባ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው፣ ከሩቅ ነው የመጣ፣ ደክሞት ይሆናል አሉ። ከዚያ ለራሳቸው በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ ሲከፋቸው እንዲያ መሆኑን ታውቃለህ።

በማግስቱ ቴሌ ሄጄ ስደውልልህ የተናገርከውን አልደግመውም፤ ወረቀቱ ይቆሽሻል። ይሠራል ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ ቆይ ብቻ፣ ኢንተርኔቱ ላይ ከስሙ ሥር ሌባ ብዬ ጽፌ ዓለም እንዲያየው ባላደርግ አልክ። እኔም በዚያ ቀን ያንተኑ ያህል ተናድጄ ነበር።

የፈታሁት ሱቄ ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው። በሰዓት ሠሪ ካቻቢቴ ከሥሩ ያለችውን ቡሎን ሳላላት የላዩ ቆርቆሮ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡን ሳይ እጄን መዘርጋት ፈራሁ። ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ ሞተር፣ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበት፣ ጥርሶቹ አንዱ ሌላውን ነክሶ፣ አንዲት ስህተት ሳይኖርበት ተቀምጧል። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ፣ ማንም ለማያየው ለውስጡ ይህን ያህል ተጨንቋል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ለምን እንባዬ እንደሚመጣ አላውቅም፤ መጣ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ፀጉር ነው። የመንኮራኩሩ ዘንግ ላይ ተጠምጥሟል። በወረንጦ ስስበው እየረዘመ ወጣ፤ ነጭ ሽበት። የሻጩ ይሁን የሚስቱ እንጃ። ባቡሩ በቤታቸው ወለል ላይ ለዓመታት ሲዞር ከምንጣፉ የለቀመው መሆን አለበት። የማላውቀው ሰው ሽበት ባሕር ተሻግሮ ሰቆጣ መጥቶ ጣቴ ላይ ሲያርፍ ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ። መሬት ልጥለው እጄ እምቢ ስላለኝ በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት።

ቀጥሎ ያገኘሁት ግን የእኛው ነው። ሞተሩ ውስጥ ግራጫ ጭቃ ደርቆ ተጋግሯል። ሻጩ እንዴት እንዲህ ያለ ቆሻሻ ይልክልናል ብዬ የስልክ ስድብህን ደገምኩለት። ከዚያ በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ ጣቴ ላይ አሸሁት። አሸተትኩት። እምነት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ግንባራችንን የምንቀባው የራሳችን እምነት። ከሥሩ ያለው ብረት ዝጓል፤ የቆየ ዝገት ግን ይጠቁራል፣ ይኼ ገና እንደ በርበሬ የቀላ ነው።

ሱቁን ሳልዘጋ ቤት ሮጥኩ። እማዬን፣ ቄሱ ባቡሩን እንዴት አድርገው ነው የባረኩት አልኳት። ደህና አድርገው ነዋ አለችኝ። ፈረንጅ አገር የኖረ ነው፣ ምን ይዞ እንደ መጣ አይታወቅም፣ ርጭት ብቻ አይበቃውም ብለው እምነቱን በጸበል በጥብጠው በጭስ መውጫው አንቆረቆሩለት።

"ጥም ያለበት ይመስል ጠጣው" አለችኝ፤ ደስ ብሏት።

ሳቄ መጣ፤ ግን ከማን ጋር ልሳቅ? ጸበል አበላሸው ብል እማዬ ታማትባለች። ቄስ ወልደ ኢየሱስ፣ ያን የመሰሉ ደግ ሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይቀራሉ። አባባ ደግሞ ባቡራቸው የተጣላው ከማን ጋር እንደሆነ ሲያስቡ ያድራሉ። ጸበሉ ምን በደለ፤ የሚፈስበትን ያላወቅን እኛ ነን። ዋጥ አድርጌ ወደ ሱቅ ተመለስኩ።

እምነት እንደ ቆሻሻ አይደፋም። በዶሮ ላባ እየጠረግሁ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ሰበሰብኩት፤ ግንባሬን ተቀባሁና የተረፈውን እግር በማይረግጠው በግቢያችን ወይራ ሥር አፈሰስኩት። ባቡር ስጠግን ግንባሬን አመድ ተቀብቼ ያየኝ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም። ከዚያ ብረቱን በነጭ ጋዝ አጠብኩ፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አስለቀቅሁ፤ ጥርሶቹን በስፌት መኪና ዘይት አለሰለስኩ። የከበደኝ ካርቦኑ ነበር። ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ የሚያሻግሩት ሁለት ጥቁር ቁራጮች ናቸው፤ ጭቃው ነክሶ ይዟቸው ኖሮ ገና ስነካቸው ፍርክስክስ አሉ። መለዋወጫ ከየት ይምጣ? እንኳን ሰቆጣ ደሴም አይገኝ። ሚካኤል እየቀረበ ነው። ገበያ የተዉት አባባ እኔ ሱቅ ድረስ መምጣት ጀመሩ። ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፣ ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ባቡሩ ምንም ሳይጠይቁኝ ይመለሳሉ። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

መፍትሔው እግሬ ሥር ወድቆ ነው የተገኘ። ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ሲሰበር መሐሉ ላይ ጥቁር ዘንግ የለውም? እሱ እኮ ካርቦን ነው። አውጥቼ ቆረጥኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት እየሞረድኩ እየለካሁ፣ እንደገና እየሞረድኩ፣ ስንቱ እጄ ላይ ተሰበረ። ፊቴም እጄም የከሰል ሻጭ መሰለ። በመጨረሻ ሁለቱ ልክ ገቡ፤ ባትሪውን ሳስነካው ሞተሩ እንደ ንብ እምም አለ። ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደ ያዘ መጥቶ፣ ማን አገባ አለኝ።

እንግዲህ የማስምልህ ይህን ነው። ከጀርመናዊው ሻጭ ስም ሥር ምንም እንዳትጽፍ፤ ጽፈህም ከሆነ ዛሬውኑ አጥፋው። ይሠራል ብሎ ሸጠልህ፤ ይሠራም ነበር። እቃውን እንዴት እንደ ጠቀለለው ብታይ፣ እያንዳንዱን ሐዲድ ለየብቻው በጋዜጣ፣ እንደ ሕፃን። የሰው ስም ነገሩን በማያውቅ ሰው አፍ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ እኛ በቤታችን አይተናል። ሐቀኛ ሰው ነው ብለህ ጻፍለት። የጸበሉን ነገር ግን ካንተ ከእኔና ከሚካኤል በቀር ማንም እንዳይሰማው።

አሁን ወደ ዕለቱ ልምጣ። ማኅበርተኛው ሞልቶ መጣ፤ መምጣት ካቆመ የቆየውም መጣ። ጋሽ እንግዳው በሩ አጠገብ ነው የተቀመጡ። ጸሎቱ ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጽዋው ዞረ። እኔ ቄጠማውን ገለል አድርጌ ሐዲዱን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ፤ ባቡሩን አስቀመጥኩና ከባትሪው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ይኼኔ ቄስ ወልደ ኢየሱስ የጸበሉን ጠርሙስ ይዘው ብድግ አሉ።

ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። አፌ ከሐሳቤ ቀድሞ፣

"አባ፣ አንዴ ተጠምቋል፤ ጥምቀት ደግሞ አንዲት ናት" አልኩ።

የንስሐ አባቴን ሃይማኖት ማስተማሬ ነው። ቄስ ወልደ ኢየሱስ ጠርሙሱን አዩ፣ ባቡሩን አዩ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው ብለው ጸበሉን እኛው ላይ ረጭተው ተቀመጡ። ባቡሩን በነጠላዬ ከልዬ ጠብታውን ሁሉ እኔ ተቀበልኩለት።

ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ አባባ ዞረ። ከመደቡ ሲነሡ ሽቦውን ዘረጋሁላቸው፤ ነጂው እሳቸው ናቸውና በእጃቸው እንዲያስነሡት ነበር ሐሳቤ። ሽቦውን አላዩትም። ጋቢያቸውን ጣል አድርገው ከእማዬ ስፌት ላይ ወስፌውን መዘዙ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ጉንጫቸው ወለሉን እስኪነካ አጎነበሱ። ከዚያ በወስፌው ጫፍ መንኮራኩሮቹን አንድ በአንድ ነካ ያደርጋሉ፤ ያዳምጣሉ። ነካ ያደርጋሉ፤ ያዳምጣሉ። እማዬ ገበያ ላይ እንስራ ስትገዛ በጣቷ አንኳኩታ እንደምታዳምጠው ማለት ነው፤ የተሰነጠቀ እንደሆነ ድምፁ ይናገራል። በአንዱ ጎን ሲጨርሱ በጉልበታቸው እየዳሁ በሌላው ጎን ዞሩ። አንዱንም አልዘለሉም። እጃቸው መንገዱን ያውቀዋል። ያቺ የነጂው መስኮት ግን፣ እኔ ስንት ጊዜ የተደነቅኩባት፣ አንዴም ዓይናቸው አላረፈባት። ሰው ለአንድ ነገር እንዲህ ሲጠነቀቅ አይቼ አላውቅም። የቅዳሴ ሰዓት ያህል ፈራሁ፤ መተንፈስ ራሱ ነውር መሰለኝ።

ጨርሰው ተነሡ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሌላው ሰው የጸለዩ መስሎታል። እኔ እግራቸው ሥር ነበርኩና ሰማኋቸው።

"ደህና ነው ሙሴ፤ ይሂዱ።"

ሙሴ በፈረንሳዮቹ አፍ "ጌታዬ" ማለት መሆኑን ከእኔ ይልቅ የምታውቀው አንተ ድሬዳዋ ያለኸው ነህ። እማዬ ጠላ እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ አንገቷን መልሳ ዋንጫውን እስከ አፉ ሞላችው።

ሽቦውን አገናኘሁት።

ሄደ፣ ወንድሜ። በመጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ማመንታት እያለ፤ ከዚያ መንኮራኩሮቹ እየተከታተሉ፣ ክንዶቹ ወጣ ገባ እያሉ። ሽማግሌዎቹ እግራቸውን ሰበሰቡለት፤ ለመኪና መንገድ እንደሚለቁት። የሰማነው የሐዲዱን ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ውስጡን አንድ በአንድ የማውቀው፣ በጥላሸት እጄ የሞረድኩት፣ እኔ ራሴ ተአምር ያየሁ ያህል አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አባባን ሳያቸው እጃቸው አሁንም ከፍ እንዳለ ነው፤ ባቡሩ በፊታቸው ባለፈ ቁጥር ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጉለታል።

ጋሽ እንግዳው መቼ እንደ ተነሡ አላየሁም፤ ሐዲዱ ዳር ቆመዋል።

"ገብረ ኪዳን፣ እንዲህ ያለውን ነው?" አሉ። አልጨረሱትም።

አባባ ዓይናቸውን ከባቡሩ ሳያነሡ፣

"ብዙ በእጄ አልፏል" አሉ። "በእጄ አልፎ መንገድ ላይ የቀረ ግን የለም።"

ጋሽ እንግዳው ጎንበስ ብለው የአባባን ጉልበት ሊይዙ ሲሉ አባባ ቀድመው ትከሻቸውን ያዟቸው፤ ተሳሳሙ። ማኅበርተኛው ምላሱ ተፈታ። ደህና ነጂ ማለት እንዲህ ነው፣ ሳይነዳ በፊት ከሥር ከሥሩ ያያል ተባለ። አንዱ ይህንን ሲል ሌላው ያንን ሲጨምር አባባ ጠላቸውን ያዙና ተቀመጡ። እኔም ባቡሩን ሳዞር ዋልኩ። ገበያ መውጣትም ጀመሩ፤ ትናንት ጋሽ እንግዳው ከጨው ተራ ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ነገር እያሰብኩ ነው፤ አንተም አስበው። ልጆች ሆነን አባባ የነገሩንን ሁሉ አስታውስ። ባቡሩ ከድሬዳዋ ተነሣ ይሉናል፤ አዋሽን ተሻገረ ይሉናል፤ በደህና ገባ ይሉናል። ነዳሁ ሲሉ ሰምተሃል? እኔ አልሰማሁም። ያንን ቃል የጨመረው ማን እንደሆነ እንጃ፤ እኛም ሰፈሩም ስንለው ኖርን፤ እሳቸው ዝም አሉን።

ስለዚህ በስልክ ስንለያይ፣ ምድር ባቡር ቢሮ ገብቼ የአባባን የነጂነት ወረቀት አስፈልጌ፣ በመስታወት አስገጥሜ ለግድግዳ እልካለሁ ያልከውን ተወው። ግድግዳችን ሥዕል ሞልቶበታል፤ ምስማር መምቻ ቦታ የለም። ስትደውልም አታንሣባቸው።

ሰላምታዬን ለአከራይህ፣ ለሥራ ባልደረባህ ለፈረንጁም ጭምር አድርስልኝ። ደግሞ ጣቢያው በኩል ባለፍክ ጊዜ ባቡር ሊነሣ ሲል ከሥሩ አጎንብሶ መንኮራኩር የሚያንኳኳ ሰው ካገኘህ፣ ሥራውን እስኪጨርስ ቁምና ጠብቀው። ቀና ሲል እጅ ንሣውና የእኛን ሰላምታ ስጥልኝ። ከሰቆጣ ነው፣ ከገብረ ኪዳን ቤተሰብ በለው።

ሚካኤል በክንፉ ጋርዶ ያቆይህ። የወጣህበትን መንገድ ያቅናልህ፤ የምትገባበትን በር ይክፈትልህ። አባባና እማዬ መርቀውሃል፤ አሜን በል።

እህትህ